የሕፃናት ማቆያ «ጥራት» ምንድን ነው?

«ልጄን ማቆያ ባስገባው ይጎዳብኝ ይሆን?» የወሊድ ፈቃድ ሊያልቅ ሲል የማይመጣባት እናት የለችም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 የሥራ ቀን ነው። ያኔ ልጁ ገና አንገቱ መጽናቱ ነው። አያት በቅርብ ከሌለች፣ ሞግዚቷም አልበረክት ካለች፣ ያለው ማቆያ ነው።

የጥናቶቹ መልስ የሚያርፈው ጥራት በሚለው ቃል ላይ ነው። እኛ ጋ ጥራት ሲባል ካሜራ፣ ሥዕል የሞላበት ግድግዳና «በእንግሊዝኛ እናናግራቸዋለን» የሚል ማስታወቂያ ነው የሚመጣልን። አጥኚዎቹ በዋናነት የሚያዩት ሕፃኑ ድምፅ ሲያሰማ ማን ዞር እንደሚልለት ነው።

ዳይፐር ሲቀየር ቆሞ ማየት ይበቃል። አንዷ ተንከባካቢ ስልኳን በትከሻዋ ደግፋ እያወራች ጠርጋ፣ አልብሳ ታነሣዋለች። ሌላዋ «እስቲ እግርህን ስጠኝ፤ በረደህ አይደል የኔ ጌታ?» ትለዋለች። «አጉ» ሲል «አጉ» ትለውና እስኪደግምላት ትጠብቃለች። ሁለቱም የሚፈጅባቸው ሁለት ደቂቃ ነው። ሕፃኑ ግን ቋንቋ የሚለምደውም፣ ሲከፋው የሚደርስለት ሰው እንዳለ የሚያውቀውም በቀን ብዙ ጊዜ በሚደጋገሙት በእነዚህ ደቂቃዎች ነው። ስምንት ሕፃን የተሰጣት ሴት ደግሞ የቱንም ያህል ሩኅሩኅ ብትሆን ይህን ማድረግ አትችልም። በአሜሪካ ባለሙያዎች ከአንድ ዓመት በታች ላሉት ሲመክሩ የኖሩት ለሦስት ሕፃን አንድ ሰው ነው።

እዚያው አሜሪካ በ1991 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ጥናት ከ1,300 በላይ ልጆችን ከሕፃንነት እስከ ጉርምስና ተከታትሏል። ጥሩ ማቆያ የዋሉት በቋንቋና በትምህርት ትንሽ ቀደም ይላሉ፤ በሳምንት ረጅም ሰዓት የዋሉት ደግሞ ትንሽ አስቸጋሪ ይሆናሉ። ሁለቱም ልዩነቶች ጠባብ ናቸው፤ የቤቱ ሁኔታ ከማቆያው ይበልጥ ይመዝናል። ይህን ለሚጨነቁ እናቶች ደጋግሜ የምነግረው በምክንያት ነው።

የካናዳዋ ኩቤክ በ1997 እ.ኤ.አ. ማቆያን በቀን አምስት ዶላር ስታደርግ ፈላጊው በዛ፤ ከተከፈቱት ብዙዎቹ ግን ጥራታቸው ከመለስተኛ አላለፈም። ቁጣና ጭንቀት በልጆቹ ላይ ጨምሮ ታየ። በሌላ በኩል በ1972 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ሰሜን ካሮላይና የተጀመረ አንድ ፕሮጀክት የድሃ ቤተሰብ ሕፃናትን፣ ለጥቂት ሕፃን አንድ ተንከባካቢ እየመደበ፣ እስከ አምስት ዓመታቸው በማቆያ አዋለ። በ30 ዓመታቸው ከእነሱ 23 በመቶው የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘዋል፤ ካልገቡት ግን 6 በመቶው ብቻ። የተጠኑት 111 ልጆች ብቻ መሆናቸውን ግን አትርሱ።

ማቆያ ልታዩ ስትሄዱ ጠዋት አትሂዱ፤ ጠዋት ሁሉም ቤት የተጠረገ፣ ልጁም ያረፈ ነው። ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ቤት በዋለ ልጅ ከሰዓት በኋላ ይቀንሳል፤ በብዙ ማቆያዎች ግን ሲጨምር ተለክቷል። አሥር ሰዓት ላይ ሂዱና ማን እንደሚያለቅስ፣ ማንስ እንደሚያነሣው እዩ። ተንከባካቢዋንም እዚያ ስንት ጊዜ እንደሠራች ጠይቁ።