«ታለንት የለኝም» ለምትሉ ወገኖች

«እኔ እንኳ ምንም ታለንት የለኝም።» ይህን ከስንት ሰው ሰምተናል! መዘመር የማይችል፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገር የሚያስፈራው ወገን ቶሎ ይላል። ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው። መነሻው ላይ ግን ችሎታ ማለት አልነበረም።

በግሪክ ታላንቶን ሚዛን ነው። ቀጥሎ በሚዛን የሚለካው ክብደት፣ ከዚያም በዚያ ክብደት የሚቆጠረው ገንዘብ በዚሁ ስም ተጠራ። በላቲን በኩል እንግሊዝኛ ገባ። ማቴዎስ 25 ላይ መጽሐፍ ቅዱሳችን «መክሊት» የሚለው ይህንኑ ነው። እንግሊዞች ለተፈጥሮ ችሎታ ያዋሉት በ15ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ሲሆን፣ ምክንያቱም ይኸው የጌታ ምሳሌ ነው። እኛም «መክሊቱን አገኘ» ስንል ያንኑ መንገድ ይዘናል።

ምሳሌውን ግን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። አንድ ጌታ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ለሦስት ባሪያዎቹ አምስት፣ ሁለትና አንድ መክሊት ሰጣቸው፤ ሁለቱ ነግደው አተረፉ፣ ሦስተኛው ግን ቀበረው። ጌታው የሰጠው «ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ» ነው። ዓቅሙ አስቀድሞ ነበረ ማለት ነው። መክሊቱ ሌላ ነው፤ የጌታው ገንዘብ ነው፣ አደራ ነው።

ደግሞ አንድ መክሊት ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ወደ 6,000 ዲናር ነው። አንድ ዲናር፣ ማቴዎስ 20 ላይ እንዳለው፣ የሠራተኛ የቀን ደሞዝ ነበር። አስሉት እስቲ፤ ወደ 20 ዓመት የሚጠጋ ልፋት! በብር ሲመዘን ከ25 ኪሎ በላይ ነው። አንዱን መክሊት የተቀበለው ሰው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሄደ። ጉድጓድ ቆፈረ፣ አፈር መለሰበት። ለመቅበር ጉልበት አላጣም፤ ለመነገድ ግን ፈራ። ሲመልስም «መክሊትህ» ነው ያለው። የማን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

እኔን በጣም የሚያጽናናኝ ቁጥር 21 እና 23 ነው። አምስት የተቀበለውና ሁለት የተቀበለው የተመሰገኑት በአንድ ዓይነት ቃል ነው። ጌታው ብዛቱን አላወዳደረም። አምስቱን መክሊት እንኳ፣ ያንን የዕድሜ ልክ ሀብት፣ «ጥቂት» ብሎ ነው የጠራው።

ስለዚህ ወገኔ፣ «ምን እችላለሁ?» ከማለትህ በፊት «ምን አደራ ተሰጥቶኛል?» በል። ለቅሶ ቤት እንጀራ ይዞ መሄድ፣ የታመመ መጠየቅ፣ ለጎረቤት ልጅ ፊደል ማስቆጠር ሊሆን ይችላል። ብቻህን መጀመር ካስፈራህም ቁጥር 27ን ተመልከት፤ ጌታው ለዚያ ፈሪ ባሪያ ገንዘቡን ከትርፉ ጋር ለሚመልሱ ገንዘብ ለዋጮች አደራ መስጠት ይገባው እንደነበር ነግሮታል። ሥራውን ከሚያውቅ ወንድም ወይም እህት ጋር ጀምር።