በ«ስ» ያለቀ ስም ሁሉ ብዙ ቁጥር አይደለም
በእንግሊዝኛ ባለቤት የሆነው ስም ነጠላ ከሆነ «ኢዝ»፣ ብዙ ከሆነ «አር» ይከተለዋል፤ ግራ የሚያጋባው ስሙ በ«ስ» ስላለቀ ብቻ ብዙ ቁጥር ሲመስል ነው። ከግሪክ አፈ ታሪክ የመጡት «አትላስ»፣ «ኬኦስ» እና «ነመሲስ» የሚያልቁበት «ስ» ከግሪክኛው አብሮ የመጣ የቃሉ አካል እንጂ የእንግሊዝኛ የብዙ ቁጥር ምልክት ስላልሆነ፣ ሦስቱም «ኢዝ»ን ይወስዳሉ። አትላስ ሰማይን እንዲሸከም የተፈረደበት ቲታን (ከጥንታውያኑ የግሪክ አማልክት ወገን) ነው (ምድርን ተሸክሞ የሚሣለው በስሕተት ነው)፤ ነመሲስ ትዕቢተኞችን የምትቀጣ እንስት አምላክ ስትሆን፣ ዛሬ ትርምስን የሚያመለክተው ኬኦስ ከሁሉ በፊት የነበረው ባዶ ጥልቅ ነው። ዛሬ የካርታ መጽሐፍን የሚያመለክተው አትላስ ሲበዛ «አትላሲዝ»፣ ብርቱ ባላንጣን የሚያመለክተው ነመሲስ ሲበዛ «ነመሲዝ» ይባላሉና ያን ጊዜ «አር» ተገቢ ይሆናል፤ ኬኦስ ግን የማይቆጠር ስም ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይበዛም።