ለእግዚአብሔር ብለን አንዋሽ

ቅዱሳን ሰላም ለእናንተ ይሁን። አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች የልጆቻችሁን የባዮሎጂ መጽሐፍ ገልጣችሁ ኢቮሉሽን፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች በረጅም ዘመን ከቀደሙት እየተለወጡ መጡ የሚለውን ስታዩ እንደምትጨነቁ አውቃለሁ፣ እኔም ሰማይና ምድርን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ብዬ አምናለሁ በዚህ ድርድር የለኝም። ግን ዛሬ የዶቨርን ነገር ላንሳላችሁ።

ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2004 የትምህርት ቦርዱ የ9ኛ ክፍል ልጆች የኢቮሉሽንን ሐሳብ ስላቀረበው ሳይንቲስት ስለ ዳርዊን ከመማራቸው በፊት አንድ አጭር ጽሑፍ ይነበብላቸው አለ፣ የዳርዊን ቲዎሪ ክፍተት አለው፣ ኢንተለጀንት ዲዛይን የሚባል፣ ሕይወትን አስቦ የነደፈ አካል አለ የሚል ሌላ ማብራሪያም አለ የሚል። የሳይንስ አስተማሪዎቹ አናነብም አሉ፣ 11 ወላጆች ይህ ሃይማኖትን በመንግሥት ትምህርት ቤት ማስገባት ነው ብለው ከሰሱ፣ ቦርዱ ተሸነፈ።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን መሸነፋቸው አይደለም። አንዱ የቦርድ አባል የኢንተለጀንት ዲዛይኑ መጽሐፍ የተገዛበት ብር ከየት መጣ ተብሎ በመሐላ ሲጠየቅ አላውቅም አለ፣ በኋላ ችሎት ላይ ሲወጣ ለካ እሱ ራሱ ቸርች ውስጥ ቆሞ መዋጮ ጠይቆ 850 ዶላር ያሰባሰበው ሰው ነው! ዳኛው ጆን ጆንስ ደግሞ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው የሾሟቸውም ፕሬዝዳንት ቡሽ ናቸው፣ የእምነት ጠላት ናቸው ማለት አንችልም፣ እሳቸው ናቸው እንግዲህ ዲሴምበር 20 ቀን 2005 በሰጡት ፍርድ ከነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ በእምነታቸው በአደባባይ ሲኮሩ ቆይተው ዓላማቸውን ለመደበቅ ደጋግመው ዋሹ ብለው የጻፉት።

በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ እኮ ለጥሩ ዓላማ ሲሆን ይቀራል አይልም። ኢዮብም ወዳጆቹን ለእግዚአብሔር ብላችሁ ሐሰት ትናገራላችሁ ወይ ብሎ ጠይቋቸዋል (ኢዮ 13፥7)፣ መጨረሻ ላይ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው ለእሱ የተከራከሩ በመሰላቸው በነዚያው ሰዎች ላይ ነው።

ዳንኤልን እዩት። የንጉሡን መብል እምቢ አለ እንጂ የከለዳውያንን ትምህርት አልሸሸም፣ ተማረው፣ በለጣቸውም። ልጃችሁም ኢቮሉሽን ምን እንደሚል በደንብ ይማር፣ ፈተናውንም ይለፍ፣ ማታ ደግሞ ዘፍጥረትን አብራችሁ አንብቡ፣ ጥያቄውን አትፍሩት። ብቻ እባካችሁ ዳርዊን ሊሞት ሲል ንስሐ ገባ የሚለውን ታሪክ አትንገሩት። አልጋው አጠገብ የነበረችው የገዛ ልጁ ሄንሪየታ ሐሰት ነው ብላለች፣ እኛ ግን እስካሁን ፑልፒት ላይ እናወራዋለን። ልጁ ስልኩን ከፍቶ ይሄን ያገኘ ቀን፣ ኢየሱስ ከሙታን ተነሥቷል ብለን የነገርነውንስ በምን ይመነን?