ወንዝ ዳር ያለ መሬት፣ ሳልመንና ፕሮፐርቲ ታክስ፦ የሰለቹኝ አባባሎች

ሥራዬ ወንዝ ዳር ዛፍ መትከል ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በኪንግ ካውንቲ፣ ከሲያትል ወጣ ብለው መሬት የገዙ ሰዎች ይጠሩኛል። እኔ ጉድጓድ ስቆፍር ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ስለ ፕሮፐርቲ ታክስ (በየዓመቱ በቤትና በመሬት ላይ ስለሚከፈለው ግብር) ያማርራል። «የወንዙን ዳር ለዓሣው ከተውክለት እኮ ታክሱ ይቀንስልሃል» እላለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ። በየጉድጓዱ ከምከራከር አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዋሽንግተን ግዛት በ1970 (እ.ኤ.አ.) አንድ ሕግ አወጣ። መሬቱን ሳይገነባበት ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ሰው ከገበያው ዋጋ ባነሰ ግምት ታክስ ይከፍላል ይላል። ኪንግ ካውንቲ ይህን ፕሮግራም በነጥብ ነው የሚሠራው፤ መሬትህን ታስመዘግባለህ፣ እነሱ ነጥብ ይሰጡታል። የሳልመን ዓሣ መኖሪያ ነው? ነጥብ አለው። ከውሃው ዳር ሕጉ ከሚያስገድደው በላይ ሰፊ የዛፍ ክልል ትተሃል? እሱም ነጥብ አለው። ነጥቡ ተደምሮ የተመዘገበው መሬት ግምት ከ50 እስከ 90 በመቶ ይቀንሳል።

«ታዲያ መሬቴን ለመንግሥት ልሰጥ ነው?»

እቺን ነው የማልችላት። ፈረንጁም ይላታል፣ የእኛ ሰው ግን ከልቡ ነው የሚላት። አልፈርድም። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ያየ ሰው፣ መሬት የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ላይ ቶሎ አይፈርምም። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

አንድ ጋሼ የምላቸው ደንበኛ አሉኝ። ከመሬታቸው ግማሹ ጅረት ዳር ያለ ጫካ ነው። ምንም አያደርጉበትም፤ በጭቃው የተነሳ እግራቸውንም አያስገቡበት። «አንተ ልጅ፣ አስፈርመህ ልትነቅለኝ ነው?» እያሉ አራት ዓመት ሙሉ እምቢ አሉ። በመጨረሻ ኩሽናቸው ውስጥ ቁጭ ብለን ሂሳብ ሠራን። የጫካው ክፍል ግምት 200,000 ዶላር ነው እንበል። ቅነሳው 70 በመቶ ቢሆን ታክስ የሚታሰበው በ60,000 ብቻ ነው። ታክሱን 1 በመቶ ብንወስደው በዓመት 1,400 ዶላር ይተርፋል። አራት ዓመት አባዙት። ጋሼ እርሳሱን አስቀመጡና ዝም አሉ።

ሰነዱ በስምህ እንዳለ ነው። ትሸጠዋለህ፣ ለልጅ ታወርሰዋለህ፣ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ታፔላ ትሰቅልበታለህ። ሕዝብ እንዲገባ መፍቀድ ግዴታ አይደለም። ከፈቀድክ ተጨማሪ ነጥብ ታገኛለህ፣ ካልፈቀድክ ማንም በርህን አያንኳኳም።

«እሺ፣ ቤቱም ግቢውም ታክሱ ይቀንሳል ማለት ነዋ!»

አይደለም። ቤቱ የቆመበትና የምትጠቀምበት ግቢ ቅነሳው ውስጥ አይገባም።

«ስፈልግ እወጣለሁ፣ ምን ችግር አለው?»

ችግርማ አለው። ከፈሩት ሰዎች ይልቅ የሚያሳስቡኝ በጣም የደፈሩት ናቸው። መሬቱን ከፕሮግራሙ ካስወጣኸው እስከ 7 ዓመት ወደ ኋላ የተቀነሰልህን ታክስ ከነወለዱ ትመልሳለህ። በዚያ ላይ 20 በመቶ ቅጣት አለ። 10 ዓመት ሞልቶ፣ አስቀድመህ በወጉ አሳውቀህ ከወጣህ ቅጣቱ ይቀርልሃል፤ ታክሱና ወለዱ ግን አይቀሩም።

ሽያጭ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ገዢው «እንደነበረው እቀጥላለሁ» ብሎ ካልፈረመ መሬቱ ከፕሮግራሙ ይወጣል፣ የኋላ ታክሱም ሽያጩ ሲዘጋ ይጠየቃል። አንድ የማውቃቸው ባልና ሚስት ይህን የሰሙት በመዝጊያው ሳምንት ነው። ሪልተሩም (ቤት አሻሻጩ) አላነሳውም፣ እነሱም ረስተውታል። ገዢው ፈረስ ማርቢያ ሊሠራ ፈልጎ አልፈርምም አለ። ስለዚህ ልትሸጥ ካሰብክ ገና ማስታወቂያ ሳታወጣ ለሪልተሩ ንገረው። ዋጋ ስትነጋገሩ የገዢውን ሐሳብ ጠይቅ። ኮንትራቱ ላይ የኋላ ታክሱን ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ አስገባ። የምትገዛ ከሆንክም የታክስ ወረቀቱን እየው፤ ከጎረቤቶቹ በጣም አንሶ ካገኘኸው ለምን በል። ለልጆችህ ቤት ልትጨምርበት ያሰብከውን ጥግ ደግሞ ከመጀመሪያውኑ አታስመዝግበው።

«ካውንቲው ገንዘብ ያጣል፣ ነገ ይሰርዘዋል።»

በዚህ ግዛት ታክሱ የሚጣለው ከበጀት ተነስቶ ነው፤ መጀመሪያ የሚሰበሰበው ጠቅላላ ብር ይወሰናል፣ ከዚያ ለከፋዮቹ ይከፋፈላል። አንተ የተቀነሰልህ በሌሎች ከፋዮች ላይ ሳንቲም ሳንቲም እየሆነ ይከፋፈላል። ፍትሐዊ ነው ወይ ብትለኝ እንከራከር፤ ካውንቲው ይከስራል ብትለኝ ግን አልሰማህም።

«ወንዝ ዳር የጸዳ ሲሆን ነው ለዓሣ የሚመቸው።»

ሣሩን እስከ ውሃው አፍ የሚያጭዱ ሰዎች አሉ። የሣር ሥር አጭር ስለሆነ ዳርቻው ይናዳል። ሳልመን እንቁላሏን ጠጠር ውስጥ ነው የምትቀብረው፤ ደለል ሲሸፍነው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ጥላ ሲጠፋ ውሃው ይሞቃል፣ የሞቀ ውሃ ደግሞ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል። አኻያ ትከል። ሲዳር ትከል። የሂማላያን ብላክቤሪውን ግን ንቀለው፣ እሱ ባዕድ አረም ነው።

«ውሃ ውስጥ የወደቀ ግንድ ዓሣ ይዘጋል።»

በአንድ ወቅት ባለሙያዎቹ ራሳቸው እንዲህ ብለው ግንድ ያስወጡ ነበር። ዛሬ በማሽን እየጫኑ መልሰው ያስገባሉ። ግንዱ ከሥሩ ጥልቅ ኩሬ ይሠራል፣ ትንንሾቹ ዓሦች እዚያ ይጠለላሉ። ደግሞ ያለ ፈቃድ ማውጣት ያስቀጣል።

«የኔ ጅረት ውስጥ ሳልመን አይቼ አላውቅም።»

ትልቁን ስትጠብቅ ነዋ። የኮሆ ሳልመን ጫጩት ወደ ባሕር ከመውረዱ በፊት ከዓመት በላይ ጅረት ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ያን ጊዜ ከጣትህ አይበልጥም። ጋሼ «ቦይ» የሚሉት ከጓሯቸው ያለ ውሃ ውስጥ አብረን ጎንበስ ብለን አይተናል። ሰባት ቆጠርኩ፤ እሳቸው አሥራ አንድ ነው አሉ።

ማመልከቻው የሚቀርበው እስከ ዲሴምበር 31 ነው። ቅነሳው በማግስቱ አይመጣም፣ ስለዚህ ጃንዋሪ ላይ ደውላችሁ «የታለ?» አትበሉኝ።