አርባምንጭና ዶርዜ፦ እንግዳ ይዞ የመጣ ሰው የት ይብላ?

እንግዳ ይዘው ወደ አርባምንጭ የሚመጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት "የት ነው የምንበላው?" ነው፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ የአንድ ሆቴል ስም ይነግራቸውና ያልፋል። ሆቴሉ ችግር የለውም፣ ግን እዚህ አገር መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ምግቡ የቆላ ነው ወይስ የደጋ የሚለው ነው ባይ ነኝ። ከከተማው ደጋው ላይ እስካለችው ጨንቻ ከተማ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን አርባምንጭ ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ጨንቻ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር። ታች ሙዝ፣ ማንጎ፣ ሽፈራውና አሳ ነው፣ ላይ እንሰት፣ ገብስ፣ ድንችና አፕል። ጠዋት ላብ በላብ ሆናችሁ አሳ ስትበሉ የነበራችሁ ሰዎች ከሰዓት ጋቢ ለብሳችሁ ቆጮ ትበላላችሁ፣ አንድ ቀን ውስጥ ይሄን የሚያበላ ቦታ ደግሞ ብዙ አይገኝም።

ለማያውቅ ሰው፣ አርባምንጭ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የጋሞ ዞን ከተማ ናት፣ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ስር ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ከተማዋ ሁለት ቦታ የተከፈለች ናት፣ ላይኛው ሴቻ ታችኛው ሲቀላ ይባላል፣ መሀላቸው ጥቂት ኪሎ ሜትር አለ። ፊት ለፊት አባያና ጫሞ ሀይቆች ይታያሉ፣ አባያ በደለሉ ምክንያት ቀላ ያለ ነው፣ ጫሞ ጠራ ያለ፣ መሀላቸው ያለውን መሬት ሰው የእግዜር ድልድይ ይለዋል፣ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ነጭ ሳር ፓርክም እዛው ነው። ሀይቁን እያዩ መብላት የሚፈልግ እንግዳ ካለ ሴቻ በኩል ገደሉ ጫፍ ላይ ያሉት እንደ በቀለ ሞላ ሆቴልና ፓራዳይዝ ሎጅ ያሉት ቦታዎች ናቸው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሀይዋ ለስለስ ስትል መሄድ ነው። ዋጋው ከታች ካለው ይወደዳል፣ ለእይታው ነው የምትከፍሉት፣ እኔ እዛ ቡና ወይ ጁስ እጠጣና ምሳዬን ሌላ ቦታ እበላለሁ።

ምሳው አሳ ነው። ከጫሞ የሚወጣው ዋናው አሳ ቀረሶ (ቲላፒያ) ነው፣ ትልቁ ደግሞ ናይል ፐርች፣ አምባዛም አለ ግን እሱን የማይወድ ብዙ ሰው ነው። ሲቀላ ውስጥ አሳ የሚሰራ ቤት ፈልጎ ማጣት አይቻልም፣ ሜኑው ላይ ጥብስ፣ ለብለብ፣ ጉላሽ፣ ኮተሌት፣ ዱለት፣ ሾርባ ምናምን ተደርድሮ ታዩታላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው ሙሉውን አሳ እዘዙለት፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተሰነጣጥቆ ዘይት ውስጥ ገብቶ እስኪንኮሻኮሽ የተጠበሰውን፣ ሎሚ ተጨምቆበት በአዋዜ ወይ በዳጣ በእጅ እየተቆረሰ የሚበላውን ማለቴ ነው። ልጆች ካሉ ወይ እሾህ የሚፈራ ሰው ካለ ጉላሹ ወይ ኮተሌቱ ይሻላል። ጥሬ አሳ የሚበላም አለ፣ ለለመደው ሰው ይጣፍጣል ግን ከውጭ ለመጣ እንግዳ አልመክርም፣ ቀጣዩ ቀን ጉዞ ላይ ሆዱ ቢበላሽ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። ቤት ስትመርጡ ትልቅነቱን አትዩ፣ ምሳ ሰዓት ላይ የአገሩ ሰውና ሹፌር የሞላበትን ተመልከቱ፣ አሳ ቶሎ የሚያልቅበት ቤት ያደረ አሳ አይኖረውም። ዛሬ የገባ ነው ወይ ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም፣ አስተናጋጆቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። የሚያሳዝነው ጫሞ ላይ በጣም ስለተጠመደ አሳው በፊት እንደነበረው አይደለም፣ ትልልቁ ናይል ፐርች በተለይ ቀንሷል፣ ስለዚ ትንሽዬ ያልደረሰ አሳ ቢያቀርቡላችሁ አለመውሰድ ጥሩ ነው።

እንግዶች ሁሌ የሚጠይቁኝ አዞ ይበላል ወይ ነው፣ አይበላም፣ እዚህ ያለው የአዞ እርባታ ለቆዳ ነው የተቋቋመው።

ፆም ከሆነ ነገሩ ይለያል። አሳ በፆም ይበላል አይበላም በሰው በሰው ነው፣ በተለይ በአቢይ ፆም የማይነካው ብዙ ሰው ስላለ ሳትጠይቁ አትዘዙለት። ለፆመኛውም ስጋ ጭራሽ ለማይበላው ፈረንጅም የቆላው ዋና ምግብ ሽፈራው ነው። አዲስ አበባ ላይ ዱቄቱን በሻይ መልክ የምናውቀው ሞሪንጋ እዚህ ሀለኮ ይባላል፣ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ከበቆሎ ወይ ከማሽላ ዱቄት ከተድቦለቦለ ኩርኩፋ ጋር ይበላል፣ ድርቅ የሚችል ዛፍ ስለሆነ የየሰዉ ግቢ ውስጥ አለ። ችግሩ ትልልቆቹ ሆቴሎች ሜኑ ላይ ብዙ ጊዜ አታገኙትም፣ ከቀን በፊት ማዘዝ ወይ የሚያውቅ ሰው ቤት እንዲሰራላችሁ መጠየቅ ያስፈልጋል። ትንሽ መረር ይላል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው በዳጣ ይጀምር። ፍራፍሬ ግን ከተማው ሳትገቡ ነው የሚገዛው፣ ከሶዶ በኩል ስትመጡ ላንቴ አካባቢ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ሙዝ ዛፍ ላይ በስሎ የመጣ እንደሆነ ጠይቃችሁ ግዙ፣ አዲስ አበባ ላይ ከምንበላው ጋር አይገናኝም።

አሁን ወደ ላይ። ዶርዜ ጨንቻ ከመድረሱ በፊት ያለ መንደር ነው፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ጉም ሲኖር ደግሞ በቀስታ ነው የሚወጣው። ዶርዜን ብዙ ሰው የሚያውቀው በሽመናው ነው፣ ሽሮ ሜዳ ጥበብ የገዛ ሰው ምናልባት የዶርዜ እጅ ያረፈበትን ነው የለበሰው። ቤታቸው ከቀርከሃ የሚሰራ ነው፣ ፊቱ የዝሆን ፊት ይመስላል፣ አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ይረዝማል፣ ከስሩ ምስጥ እየበላው ሲሄድ እያጠረ ለብዙ አመት ይኖራል። ውስጡ ሰውም ከብትም ያድርበታል፣ እሳቱ መሀል ላይ ነው። እንግዳ ተቀብለው የሚያበሉ ግቢዎች አሉ፣ ዶርዜ ሎጅም አለ፣ ከቻላችሁ ግን ማደርም ይቅር አንድ ምሳ ግቢ ውስጥ ብሉ።

ቆጮውን ሲሰሩ ቁጭ ብሎ ማየት ነው የዚህ ምሳ ግማሹ። እንሰቱ ለመቆረጥ አመታት ይፈልጋል፣ ሴቶቹ ግንዱን ሳንቃ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ ይፍቁታል፣ የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይብላላል፣ ደጋው ብርድ ስለሆነ ወራት ይቆያል። ሲወጣ ይጨመቃል፣ ውስጡ የቀረው ቃጫ በቢላ ይከተከታል፣ ከዛ በቅጠል ተሸፍኖ ምጣድ ላይ ስስ ሆኖ ይጋገራል። ከሚፋቀው ላይ የሚወጣው ነጩ ቡላ ነው፣ የተረፈው ቃጫ ደግሞ ገመድ ይሆናል፣ የሚጣል ነገር የለውም። የሚቀርበው በማርና በዳጣ ነው፣ እንግዳው ኮምጠጥ ያለው ሽታ ከከበደው ትኩሱን በማር አስጀምሩት፣ ሁለተኛውን ራሱ ወደ ዳጣ ያጠልቀዋል። ዳጣው ሲያዩት ተራ ማባያ ይመስላል ግን ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቅመም አብሮ የተፈጨ ነውና ያቃጥላል። ከዛ አረቄ ይመጣል፣ ጠንካራ ነው፣ ሹፌሩ አይቅመስ። ቀለል ያለ የሚፈልግ ቦርዴ ይጠይቅ፣ ከእህል የሚጠመቅ ወፈር ያለ መጠጥ ነው፣ ከርሃብም ያስታግሳል። የቡና ቅጠል ተወቅጦ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በቃሪያና በጨው ተፈልቶ የሚጠጣውንም ጠይቁ፣ ቡና ሲሉት ፍሬውን ብቻ የሚያውቅ ሰው ይገረማል።

ቀኑን አስተካክሉ። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ነው፣ የጨንቻው ማክሰኞና ቅዳሜ። እኔ አንዴ እሁድ እንግዶች ይዤ ወጥቼ ገበያው ባዶ ሜዳ ሆኖ ጠበቀን፣ ከዛ ወዲህ ቀን ሳልጠይቅ አልወጣም። በገበያ ቀን ማሩንም ቅቤውንም ቡላውንም እዛው ታገኛላችሁ፣ የጨንቻ አፕልም በወቅቱ ከደረሳችሁ አለ። መስከረም ላይ ደግሞ መስቀል ለጋሞ ትልቁ በዓል ነው፣ በየቦታው ተበትኖ የሚሰራው ሸማኔ ሁሉ አገሩ ይገባል፣ ሰንጋ ይታረዳል፣ ቅቤው አይጠየቅም። ያኔ የተጋበዘ ሰው ሬስቶራንት አያስፈልገውም፣ ግን ባዶ እጁን አይሂድ፣ ቡናና ስኳር ይዞ ይግባ።

ግቢ ውስጥ ስትበሉ ዋጋውን ከመቀመጣችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ ምኑ ምኑ እንደተካተተ ጭምር፣ ኋላ ላይ ፊት ከመጥቆር ያድናል። ክፍያው ለአስጎብኚው ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ቆጮውን የፋቀችውና የጋገረችው እናት የድርሻዋን ማግኘቷን ጠይቁ፣ ከጓሯቸው የተሸመነ ጋቢም ካለ ከነሱው ግዙ። ሳይመሽ ውረዱ፣ ወደታች ያለው መንገድ በጉምና በጨለማ አይመችም። ዳጣ ከገዛችሁ ጠርሙሱን በፌስታል ደርቡት፣ ቡላው ደግሞ እስከ አዲስ አበባ ምንም ሳይሆን ይደርሳል፣ ቤት ስትገቡ በወተትና በቅቤ ገንፎ አድርጉት።