የጊታር ሣጥን መያዣ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጊታር መሥራት የጀመሩ ሰዎች ስለ እንጨት ዓይነት፣ ስለ ኮላና ስለ ድምፅ ጥራት ብዙ ይጠይቃሉ፤ ሣጥኑ፣ ማለትም ባዶው የጊታር አካል፣ በሚሠራበት ጊዜ ስለሚያርፍበትና ስለሚያዝበት መቆሚያ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ስለዚህ ስለ መቆሚያው የሚታመነው አብዛኛው ነገር ከግምት የመነጨ ነው፤ ግምቱም ከአንዱ ጀማሪ ወደ ሌላው እየተላለፈ እንደ ደንብ ይቆጠራል። የተሰነጠቁ ሣጥኖችን ስጠግን «እንጨቱ አልደረቀም» የሚለውን ሰበብ ደጋግሞ መስማት ስለሰለቸኝ፣ ከሁሉም የሚጎዳውን ስህተት በሰፊው፣ ሌሎቹን ባጭሩ አርማለሁ።

«አጥብቆ የያዘ መያዣ አስተማማኝ ነው»

ሣጥኑ በሥራ ላይ ሳለ ከተንቀሳቀሰ ብዙዎች የሚወስዱት እርምጃ ሞርሳውን አንድ ዙር መጨመር ነው፤ ዳግመኛ ከተንቀሳቀሰ ሌላ ዙር ይጨምራሉ። የአኩስቲክ ጊታር የጎን ጣውላ ግን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይወፍራል፤ የፊት ጣውላውም ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ጥልቀቱ 100 ሚሊ ሜትር ያህል በሆነ ሣጥን ላይ መንጋጋው የጎኑን መካከል ሲጫን፣ ከጣውላው በስተጀርባ ያለው ባዶ አየር ነው። ጣውላው ወደ ውስጥ ይጎብጣል፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ደግሞ ቃጫውን ተከትሎ በረጅሙ ይሰነጠቃል።

አንድ ወጣት ሠሪ ወገቡ ላይ የተሰነጠቀ ሣጥን ይዞልኝ መጥቶ፣ እንጨቱ በደንብ ያልደረቀ እንደነበረ አጥብቆ ሲከራከር ሰምቼዋለሁ። ሣጥኑን ወደ ብርሃን ባዞርኩት ጊዜ የሞርሳው መንጋጋ አሻራ በሁለቱም ጎን ፊት ለፊት ታትሞ ይታይ ነበር፤ ስንጥቁም የሚጀምረው ከአንደኛው አሻራ ጠርዝ ነበር። እንጨቱ ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ይህን መሰል ሣጥን ሳይ ከልብ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ጎኑን በሙቀት አጥፎ ቅርጽ ለማስያዝ የወጣው ትዕግሥት ሁሉ መያዣውን በማጥበቅ ብቻ ይጠፋል።

ጉዳዩ በቀላል ስሌት ይታያል። 20 ኪሎ ግራም የሚያህል ግፊት 2 በ2 ሴንቲ ሜትር በሆነ መንጋጋ ላይ ቢያርፍ፣ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 5 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ያው ግፊት 5 በ20 ሴንቲ ሜትር በሆነ መደገፊያ ላይ ቢሰራጭ፣ በአንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው 200 ግራም ብቻ ነው። ሣጥኑን እንዳይንሸራተት የሚይዘው ሰበቃ በሁለቱም ጊዜ ተቀራራቢ ሲሆን፣ እንጨቱ የሚደርስበት ጫና ግን 25 እጥፍ ይለያያል። ይህ ጥቅም የሚገኘው መደገፊያው የሣጥኑን ኩርባ ተከትሎ የተቆረጠ እንደሆነ ነው፤ ቀጥ ያለ መንጋጋ በጎበጠ ጎን ላይ የሚያርፈው በአንድ ቀጭን መስመር ብቻ ስለሆነ፣ የቱንም ያህል ቢሰፋ አይጠቅምም። ኩርባውን ለማግኘት የተለየ መለኪያ አያስፈልግም፤ ሣጥኑ የተሠራበትን ፎርማ (የቅርጽ ማስያዣ) በኮምፔንሳቶ ላይ መንደፍ በቂ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ቆዳ የሚለጠፍበት ከሆነ መስመሩን በዚያው ልክ ወደ ውጭ ማስፋት ይገባል፤ አለዚያ ሣጥኑ ቦታው ላይ በግድ ይገባል።

ከዚህም የሚበልጠው ነገር ጉልበቱ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነው። ጠርዝ ሲፋቅ ሣጥኑ ወደ ሠሪው ይሳባል፤ ፊቱ ሲላግ ደግሞ ወደፊት ይገፋል። በእንቅስቃሴው አቅጣጫ፣ በሣጥኑ ግርጌ ወይም በአንገቱ በኩል፣ ቆዳ የለበሰ ማገጃ ቢቆም ጉልበቱን የሚቀበለው ማገጃው ነው፤ ማጥበቂያው የሚቀረው ሥራ ሣጥኑ ወደ ላይ እንዳይነሳ ብቻ ይሆናል፤ ለዚያም በሁለት ጣት የሚዞር ብሎን ይበቃል። ማገጃውም የሚቆምበት ቦታ በዘፈቀደ አይመረጥም። ሣጥኑ ጠንካራ የሚሆነው በሁለቱ ጫፎች፣ ማለትም በውስጥ በኩል የአንገት ብሎክና የግርጌ ብሎክ የሚባሉት ድፍን እንጨቶች በተጣበቁበት ቦታ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ጎኑ ከፊትና ከጀርባ ጣውላ ጋር በሚጋጠምበት ጠርዝ ላይ ነው። ወገቡ ግን እጅግ ጠባቡ እጥፋት ያለበት፣ ቃጫውም አስቀድሞ የተወጠረበት ቦታ ነው። ቅርጹ ለመጨበጥ የሚመች ስለሚመስል ብዙ ሰው መያዣውን እዚያ ያኖራል፤ መያዝ የሌለበትም በተለይ እዚያ ነው።

የጀርባ ጣውላው ገና ያልተለጠፈበት ሣጥን ደግሞ የባሰ ደካማ ስለሆነ፣ ከፎርማው ቀድሞ ማውጣት ተገቢ አይደለም፤ ማውጣት ግድ ከሆነም ጎኖቹ እንዳይቀርቡ በውስጥ በኩል በወርድ የሚገባ መወጠሪያ እንጨት ያስፈልገዋል።

ይህ የማጥበቅ ልማድ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የኤሌክትሪክ ጊታር አካል 45 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር ድፍን እንጨት ነው፤ ስለዚህ በሞርሳ ቢጨበጥ ከአሻራ በቀር ብዙ አይጎዳም። ይህን ያየ ሰው ያንኑ ልማድ ባዶ ሣጥን ላይ ይሠራበታል። በድፍኑም አካል ቢሆን አንገቱ የሚገባበት ጉድጓድ ግድግዳ ስስ ስለሆነ በዚያ በኩል መጨበጥ ያስነጥለዋል።

«ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ይበቃል»

አይበቃም። የአብዛኞቹ አኩስቲክ ጊታሮች ፊትና ጀርባ ዝርግ አይደሉም። በብዙ ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው የጀርባ ጉብታ ራዲየሱ 4.6 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም 400 ሚሊ ሜትር በሚሰፋው የሣጥኑ ክፍል መካከሉን ከጠርዙ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ጀርባ በዝርግ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ክብደቱና የሠሪው እጅ ጫና በመካከሉ ላይ ያርፋል፤ ሣጥኑ ይወዛወዛል፣ በውስጡ የተለጠፉት ደጋፊ ዘንጎችም ያለ አግባብ ይጫናሉ። ትክክለኛው ማረፊያ መካከሉ ባዶ የሆነ፣ ጠርዙን ብቻ ተከትሎ የሚደግፍ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀለበት ነው። በብርድ ልብሱ ፀጉር ውስጥ የሚቀረው የእንጨት ስባሪም ስፕሩስን በመሰለ ለስላሳ ጣውላ ላይ ይታተማል።

«ስፖንጁ በወፈረ ቁጥር ሣጥኑ ይጠበቃል»

ወፍራም ስፖንጅ መሣሪያው በተጫነ ቁጥር ይሰምጣል፣ ሲነሳም ይመለሳል፤ በዚህም መሮው ከታሰበው በላይ ይገባል፣ ራውተሩም (እንጨት የሚቦረቡረው ማሽን) የሚቆርጠው ቦይ ጥልቀቱ ይለያያል። ቡሽ ወይም ቆዳ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው በቂ ነው። ቆዳው ሻካራ ገጹ ወደ ውጭ ሆኖ ሲለጠፍ የተሻለ ይይዛል።

«መቆሚያው ከውድ ጠንካራ እንጨት መሠራት አለበት»

18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ተደራርቦ ቢጣበቅ ከበቂ በላይ ነው።

«አራት እግር ሁልጊዜ ከሦስት ይሻላል»

ሦስት እግር ወጣ ገባ በሆነ ወለል ላይ አይንገጫገጭም፤ በአንጻሩ ወደ ጎን ሲገፋ በቀላሉ ይገለበጣል። ስለዚህ ሦስት እግር የመረጠ ሰው እግሮቹን አስፍቶ ከታች አሸዋ የሞላ ከረጢት ቢያስቀምጥ መልካም ነው። ከፍታውን በተመለከተ ለመላግ ከክርን ዝቅ ያለ፣ የጠርዝ ጌጥ ለመግጠምና ለመፋቅ ከክርን ጋር እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ይመረጣል፤ ስለዚህ የመቆሚያው ዘንግ ከፍና ዝቅ የሚል ቢሆን ወገብን ከሕመም ያድናል።

«ለግንባታ የሠራሁት መቆሚያ ለቀለምም ያገለግላል»

በናይትሮሴሉሎስ ላከር የተቀባ ሣጥን ጎማና ፒቪሲ ከነካው፣ በጎማው ውስጥ ያለው ማለስለሻ ኬሚካል ቀለሙን ያላላዋል፣ ያበላሸዋልም። ይህ ጉዳት ቀለሙ ከደረቀ ከዓመታት በኋላም ይደርሳል። ቆዳና ጨርቅ ይህን ባያደርጉም ገና ያልጠነከረ ቀለም ላይ የገጻቸውን ቅርጽ ያትማሉ። በእጅ ሲነካ የደረቀ የሚመስለው ላከር እስኪጠነክር ሳምንታት ስለሚወስድ፣ በዚህ ጊዜ ሣጥኑ የተቀባ ገጹ ምንም ሳይነካ፣ በአንገት ብሎኩ ላይ በብሎን የታሰረ እጀታ ተደርጎለት ተንጠልጥሎ መቆየት አለበት።