ያለ ክፍያ ድረ ገጽ መሥራትና መፈተሽ

ብሎግ ለመክፈት ገንዘብ አይጠየቅም። ኮድ መቻልም ግድ አይደለም። ኢሜይል፣ ስልክና የአንድ ከሰዓት ጊዜ ካለ ይበቃል። ገጹ ተከፍቶ ካበቃ በኋላም ፈጣን ነው ወይ? ማየት የተሳነው ሰው ሊከታተለው ይችላል ወይ? ጉግል አግኝቶታል ወይ? ይህን ሁሉ ለማወቅ ሳንቲም አይወጣም። መሣሪያው ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። አገር ቤት ሆኖ በየወሩ ጥቂት ዶላር በካርድ መክፈል ለብዙ ሰው ቀላል አይደለም። ገጽ የሚቀመጥበት ነፃ ቦታ ባይኖር ኖሮ በአማርኛ ከምናነባቸው ብሎጎች ብዙዎቹ ባልተጻፉ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነፃ ቦታ ከየት መጣ

ነገሩ የቆየ ነው። በ1994 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዴቪድ ቦኔትና ጆን ሬዝነር፣ በኋላ ጂኦሲቲስ የተባለውን አገልግሎት መሠረቱ። ሰው ገጹን የሚሠራው በሰፈር በሰፈር ተከፋፍሎ ነበር። ስለ ኮምፒውተር የሚጽፍ «ሲሊኮን ቫሊ» ይሰፍራል፣ ስለ ፊልም የሚጽፍ «ሆሊውድ»። በ1999 ያሁ ገዛው። በ2009 ጥቅምት ላይ ዘጋው። ሰዎች ለዓመታት የደከሙባቸው ገጾች አብረው ሄዱ። የተረፈው በጎ ፈቃደኞችና ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው የድረ ገጾች ማኅደር ተሯሩጠው የቀዱት ነው። ነፃ ቦታ ላይ የሚጽፍ ሰው ይህን ታሪክ ቢያውቅ ጥሩ ነው። በኋላ እመለስበታለሁ።

ብሎገር የሚባለው የነፃ ብሎግ አገልግሎት የመጣው በነሐሴ 1999 ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ያለች ፓይራ ላብስ የምትባል ትንሽ ኩባንያ ሠራችው። ከመሥራቾቿ መካከል ኢቫን ዊሊያምስና ሜግ ሁሪሃን ነበሩ። በ2003 ጉግል ጠቀለለው። የሚገርመው፣ ብሎገር በወጣ በወሩ፣ በመስከረም 1999፣ ዩኒኮድ 3.0 ወጣ። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ ወጥ ቁጥር የሚሰጥ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በዚያ እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፎንት የራሱ አሠራር ነበረው። ፎንቱ የሌለው ሰው ገጹን ሲከፍት የሚያየው የማይነበብ ዝብርቅርቅ ነበር። ብዙዎች ጽሑፋቸውን እንደ ፎቶ አድርገው ይለጥፉ ነበር። ዛሬ ስልካችን ላይ «ሀ» ብለን ጽፈን፣ በዓለም ዳርቻ ያለ ሰው «ሀ» ብሎ የሚያነበው በዚያ ሥራ ምክንያት ነው።

የትኛው ላይ ልክፈት

መጻፍ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ብሎገር አሁንም ደህና ነው። ማስታወቂያ በግድ አይለጥፍም። የራሳችሁ ዶሜይን፣ ማለትም የራሳችሁ የድረ ገጽ ስም፣ ካላችሁ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያገናኛል። ቴምፕሌቱን፣ የገጹን መልክ የሚወስነውን ንድፍ፣ ከፍታችሁ እንደ ልባችሁ መነካካት ትችላላችሁ። መልኩ ግን አርጅቷል፤ አዲስ ነገርም አልፎ አልፎ ነው የሚጨመርበት።

ወርድፕሬስ ሲባል ሰው ሁለት ነገር ያምታታል። አንደኛው ሶፍትዌሩ ነው። ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል በ2003 ያወጡት፣ ማንም አውርዶ እንደፈለገ ሊጠቀምበት የሚችል ፕሮግራም ነው። በዓለም ካሉ ድረ ገጾች ከ10 ከ4 የሚበልጡት በእሱ ይሠራሉ። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ የሚቀመጥበት ሆስቲንግ ግን በአብዛኛው ይከፈልበታል። ሁለተኛው ወርድፕሬስ ዶት ኮም ነው። እዚያ ቦታውም ነፃ ነው። በምትኩ ገጻችሁ ላይ የእነሱን ማስታወቂያ ያወጣሉ፣ ማድረግ የምትችሉትም የተወሰነ ነው።

ጉግል ሳይትስ ብሎግ አይደለም። ለዕድር፣ ለትምህርት ቤት፣ ለአንድ ስብሰባ መረጃ ግን ከእሱ የሚቀል አላውቅም። ዊክስ የሚባለው የእስራኤል ኩባንያ ያማረ ገጽ በመጎተትና በመጣል ያሠራል፤ በነፃው ገጽ ላይ ግን የራሱን ስም ይለጥፋል፣ የራስ ዶሜይን ማገናኘትም በክፍያ ነው።

እኔ የምወደው ጊትሃብ ፔጅስን ነው። ከ2008 ጀምሮ አለ። ፋይሎቻችሁን ትጭናላችሁ፣ እሱ ገጽ አድርጎ ያወጣዋል። ማስታወቂያ የለውም። አንድ ገጽ እስከ 1 ጊጋባይት ይፈቀድለታል፤ ለጽሑፍ ይህ የማያልቅ ቦታ ነው። ትንሽ መማር ይጠይቃል። ኮምፒውተር ለሚማር ወጣት ግን ትምህርቱ ራሱ ጥቅም ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ግን የጂኦሲቲስን ነገር አትርሱ። ብሎገርም ወርድፕሬስም ጽሑፋችሁን በሙሉ በአንድ ፋይል ዳውንሎድ እንድታደርጉ ይፈቅዳሉ። ብዙ ጊዜ አይፈጅም። በወር አንዴ አውርዱና ፍላሽ ላይ አስቀምጡት። ለስንት ዓመት የተጻፈ ነገር በአንድ የተረሳ ፓስዎርድ ሲጠፋ ማየት ያማል።

የድፎ ዳቦው ገጽ

እህቴ በትእዛዝ ድፎ ዳቦ ትጋግራለች። ልጇ በጊትሃብ ፔጅስ ገጽ ሠራችላት። አምስት ፎቶ፣ ዋጋ፣ ስልክ ቁጥር። ቤት ውስጥ ዋይፋይ ላይ ሲታይ የሚያምር ነበር። ደንበኞች ግን «አልከፍት አለኝ» ይሉ ጀመር።

ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ ላይ አስገባነው። ይህ የጉግል ነፃ መፈተሻ ነው። አድራሻውን ትሰጡታላችሁ፣ ከ100 ነጥብ ይሰጣል። ከ90 በላይ አረንጓዴ፣ ከ50 እስከ 89 ብርቱካናማ፣ ከዚያ በታች ቀይ። የእህቴ ገጽ ቀይ ወጣ። ምክንያቱም ታች ተጽፏል፦ ፎቶዎቹ ከስልክ እንደወጡ ነው የተጫኑት። እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት ገደማ፣ አምስቱ 20 ሜጋባይት።

ስሌቱ ቀላል ነው። መሣሪያው ገጹን የሚለካው ደካማ የሞባይል መስመር ላይ ያለ መካከለኛ ስልክ አስመስሎ ነው፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.6 ሜጋቢት ገደማ። 20 ሜጋባይት ማለት 160 ሜጋቢት ነው። ለ1.6 ሲካፈል 100 ሰከንድ ይመጣል። ዳቦ ሊያዝ የመጣ ሰው ፎቶዎቹን ሁሉ ለማየት ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ይጠብቃል ማለት ነው። ያውም ከገዛው ፓኬጅ ላይ እየተቆረጠበት።

ልጅቷ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ስኩሽ ላይ አስገባቻቸው። ስኩሽም ነፃ ነው። ፎቶውን የሚያሳንሰው እዚያው ብሮውዘራችሁ ውስጥ ስለሆነ ምስሉ ወደ ማንም ሰርቨር አይሄድም። ወርዱን 1200 ፒክስል አደረገች፣ ዌብፒ በሚባለው ዓይነት አስቀመጠች። እያንዳንዱ ወደ 150 ኪሎባይት ወረደ። አምስቱ ተደምረው 1 ሜጋባይት አይሞሉም። በዚያው ደካማ መስመር አራት ሰከንድ ገደማ። በዓይን ስናያቸው ልዩነቱን ማናችንም አልለየንም፤ የዳቦው ቅርፊት እንኳ እንደነበረ ነው። ነጥቡም ወደ አረንጓዴ ገባ።

ፔጅስፒድ ሦስት ቁጥሮችን በተለይ ያያል። የመጀመሪያው የገጹ ትልቁ ነገር፣ ፎቶ ይሁን ርዕስ፣ እስኪታይ የሚወስደው ጊዜ ነው፤ ከ2.5 ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል። ሁለተኛው አንባቢ ሲነካ ገጹ እስኪመልስ ያለው ጊዜ ነው፤ 200 ሚሊሰከንድ ድረስ ጥሩ ይባላል። ይህኛው በመጋቢት 2024 የገባ መለኪያ ነው። ሦስተኛው ገጹ ሲከፈት የሚያደርገው መዝለል ነው። አንድ ሊንክ ልትነኩ ስትሉ ከላይ ማስታወቂያ ይገባና ጣታችሁ ሌላ ነገር ላይ ያርፋል፤ እሱ ነው የሚለካው። የመዝለሉ ነጥብ ከ0.1 እንዳይበልጥ ይባላል።

ከዚህ ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ ዌብፔጅቴስት አለ። ፓትሪክ ሚናን ኤኦኤል በሚባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ኩባንያ ሲሠራ የጀመረው ነው፤ በ2008 ለሁሉም ክፍት ሆነ። ገጹ ከየት አገር እንደሚከፈት ትመርጣላችሁ፤ እሱም እንደ ፊልም ቁራጭ፣ በየሰከንዱ ምን እንደታየ ያሳያል። ባዶው ነጭ ስክሪን ስንት ሰከንድ እንደቆየ በዓይን ማየት ከነጥብ ይልቅ ይገባል።

ለማያዩ አንባቢዎች

ዌቭ የሚባለው መፈተሻ በአሜሪካ ዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያለው ዌብኤይም የሠራው ነው። ገጹን ከፍቶ፣ ችግር ያለበት ቦታ ላይ ቀይ ምልክት ያስቀምጣል። መግለጫ የሌለው ፎቶ፣ ስም የሌለው በተን፣ ከጀርባው ቀለም ጋር የተመሳሰለ ጽሑፍ። ለተራ ጽሑፍ የቀለም ንፅፅሩ ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን አለበት። ግራጫ በነጭ ላይ የሚወዱ ብዙ ዲዛይነሮች እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ቀን ፀሐይ ላይ ቆሞ ስልኩን የሚያነብ ሰውም የሚቸገረው በዚሁ ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ ጸሐፊ ብቻ ሊያየው የሚችል ነገር አለ። እያንዳንዱ ገጽ በውስጡ «ቋንቋዬ ይህ ነው» የሚል አጭር ኮድ እንዲይዝ ይጠበቃል። ከፈረንጅ ቴምፕሌት የተሠራ ገጽ ብዙ ጊዜ «እንግሊዝኛ» እንዳለ ይቀራል። ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነበው የዓይነ ስውራን ፕሮግራም ኮዱን አምኖ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነብ ይሞክራል። መፈተሻዎቹ ኮዱ መኖሩን ያያሉ እንጂ ውሸት መሆኑን አያውቁም። ሙሉ ነጥብ ይሰጣሉ። ቴምፕሌቱ ውስጥ ገብቶ የአማርኛን ኮድ ማስገባት የሁለት ፊደል ሥራ ነው፤ እባካችሁ አድርጉት።

የፊደል መጠንም እንዲሁ ነው። ለላቲን የሚበቃ መጠን ለግዕዝ አይበቃም። «ሊ» እና «ሌ» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ምልክት ነው። 14 ፒክስል ላይ ዓይን ይፈልጋል። እኔ ከ18 በታች አልጽፍም። ፎንቱን በተመለከተ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከጉግል ፎንትስ በነፃ ይገኛል፤ በስልክ ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል።

አድራሻው ላይ የሚሆነው

ርዕሳችሁን «ሰላም» ብላችሁ ወርድፕሬስ ላይ ብታወጡ የጽሑፉ አድራሻም ሰላም ይሆናል። ሊንኩን ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉ ግን በመቶኛ ምልክትና በቁጥር የተሞላ ረጅም ነገር ሊወጣ ይችላል። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተሩ ዘንድ 3 ባይት ነው፤ አድራሻ ላይ እያንዳንዱ ባይት 3 ምልክት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ፊደል 9 ምልክት፣ «ሰላም» 27 ምልክት ነው። ወርድፕሬስ ለዚህ ክፍል ከ200 ምልክት በላይ አያስቀምጥም። ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ አድራሻው ላይ ያለው ርዕስ ይቆረጣል።

ብሎገር ደግሞ አማርኛውን ጥሎ «ብሎግ ፖስት» የሚል ስም ከቁጥር ጋር በላቲን ይሰጣል። መፍትሔው አንድ ነው። ከማውጣታችሁ በፊት አድራሻውን ራሳችሁ አጠር አድርጋችሁ በላቲን ፊደል ጻፉት። ከወጣ በኋላ መቀየር የተበተኑ ሊንኮችን ያበላሻል።

ማን አነበበኝ

የጉግል ሰርች ኮንሶል፣ እስከ 2015 ዌብማስተር ቱልስ ይባል የነበረው፣ ከሁሉም በላይ የማይታለፍ ነው። ገጹ የእናንተ መሆኑን ታረጋግጣላችሁ። ከዚያ ጉግል የትኞቹን ጽሑፎች እንዳገኘ፣ ሰዎችም ምን ብለው ፈልገው እንደመጡ ያሳያችኋል። አማርኛ ላይ ይህ ሰንጠረዥ ወርቅ ነው። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ጸሀይ»። አንዱ «ዓለም»፣ ሌላው «አለም»። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፈውም ብዙ ነው። አንባቢ በየትኛው እንደመጣ ታዩና፣ የለመደውን አጻጻፍ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ታስገባላችሁ።

በአንጻሩ «ድረ ገጽህ ይህን ያህል ዶላር ያወጣል» የሚሉ ገጾችን እለፏቸው። ግምታቸው መሠረት የለውም። ድረ ገጾችን በጎብኚ ብዛት ያወዳድር የነበረው፣ በአንድ ወቅት ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው የአሌክሳ ደረጃ እንኳ በግንቦት 2022 ተዘግቷል። በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ልክ የተሠሩ የ«ንባብ ቅለት» መለኪያዎችም ለአማርኛ አይሠሩም። አማርኛ በአንድ ቃል ብዙ ይላል፤ «አልመጣችላቸውም» አንድ ቃል ነው። ቃል ቆጥሮ «ጽሑፍህ አጭር ነው» የሚል መሣሪያ ይህን አያውቅም።

ስለ ደኅንነት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ድሮ በአድራሻው ጎን የምትታየውን የቁልፍ ምልክት የምታመጣው ሰርተፊኬት ብዙውን ጊዜ በገንዘብ ነበር የምትገዛው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ይሰጣል። ከላይ የጠቀስኳቸው አገልግሎቶች ሰርተፊኬቱን ራሳቸው ያስገባሉ። የራሱን ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ግን ኤስኤስኤል ላብስ ላይ ገጹን ቢያስፈትሽ እንደ ትምህርት ቤት በፊደል ውጤት ይሰጠዋል።

የቀረው የኢንተርኔት አርካይቭ አገልግሎት የሆነው ዌይባክ ማሺን ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ ከ1996 ጀምሮ ድረ ገጾችን ይቀዳል። ለሕዝብ የከፈተው በ2001 ነው። ገጻችሁን ራሱ እስኪያገኘው አትጠብቁ። አዲስ ጽሑፍ ባወጣችሁ ቁጥር አድራሻውን እዚያ አስገብታችሁ የማስቀመጫውን በተን ንኩ። የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት የድፎ ዳቦውን ገጽ እንዲሁ አስቀመጠችው፤ ቀኑ ከነሰዓቱ ተጽፎበት ተቀምጧል።